የክብርት አስተባባሪ ቤት የት ነው?

ውሃ የጠፋበት ሰፈር አይቻለሁ፤ መብራት የጠፋበት ሰፈር አይቻለሁ፤ አዛዥ የጠፋበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የትም ብትሄዱ ማንም ሳይሾማቸው የተሾሙ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው የሚመልሱ፣ "በጎ ፈቃደኛ ነኝ" ብለው የሰውን ጉልበት የሚያዘምቱ አንዲት ሴትዮ አይጠፉም። በጎ ፈቃዱ የእሳቸው ነው፤ ወገቡ የእኛ።

እኛ ሰፈር ያሉትን "ክብርት አስተባባሪ" እንላቸዋለን። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም። አንድ ቀን ተነስተን ስናይ ተሹመው አገኘናቸው፤ እያንዳንዳችን የሹመቱ ስብሰባ ያመለጠን መስሎን አፍረን ዝም አልን።

ቁመታቸው አጭር ነው፤ ሰውነታቸውም ነፋስ የሚወስደው ዓይነት። ድምፃቸው ግን ከሌላ ሰው የተዋሱት ይመስላል። ከመንገዱ ጫፍ ሆነው "ኧረ ያንን መሰላል ወዲህ በሉት!" ሲሉ መሰላል ያልያዘው ሁሉ ደንግጦ መሰላል ፍለጋ ይሮጣል። የሚጮህ ውሻ እንኳ ድምፃቸውን ሲሰማ ጆሮውን ጥሎ ወደ ግቢው ይገባል። ሥራ እንዳይሰጡት ፈርቶ ይመስለኛል።

እኔ ለጋዜጣ የምጽፍ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የምሠራ ሰው ነኝ። መጀመሪያ የተገናኘነው "የሰፈራችን ቀን" ሲቃረብ ነው። በዓመት አንዴ ሽማግሌዎች የሰፈሩን ታሪክ የሚያወሩበት፣ የቆየ ዘፈን የሚዘፈንበት፣ የእጅ ሥራ የሚታይበት፣ በመጨረሻም ለሰፈሩ የደከሙ በጎ ፈቃደኞች የሚመሰገኑበት በዓላችን ነው። ሴትዮዋ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

"ምን እየሠራህ ነው ልጄ?"

"እየጻፍኩ ነው።"

"ጎሽ! ሥራ አልያዝክማ። ና እስቲ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ።"

በክብርት አስተባባሪ ቋንቋ "ለአንድ አፍታ ብቻ" ማለት ፀሐይ እስክትጠልቅ ማለት መሆኑን የተማርኩት አግዳሚ ወንበር ተሸክሜ ከትምህርት ቤቱ እስከ ሜዳው ስመላለስ ውዬ ነው። ባለቤቴ ጀርባዬን በቅባት እያሸች "ለመሆኑ ማን አስገደደህ?" አለችኝ። ማንም አላስገደደኝም። ጉዱም ይኸው ነው። ክብርት አስተባባሪ ሰው አስገድደው አያውቁም፤ ሰውየው "እምቢ" የምትለዋን ቃል ፈልጎ ከአፉ እስኪያወጣት ወንበሩ ትከሻው ላይ ወጥቶ ያድራል።

ባለቤቴ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ እንዲህ በቀላሉ የምትታለል ሴት አይደለችም። በማግሥቱ ከሥራ ስትመለስ ግን የቤታችን መሀል ባዶውን ጠበቃት።

"ጠረጴዛችን የት ሄደ?"

"ተመርጦ ሄደ" አልኳት።

"ለምኑ ነው የተመረጠው?"

"ለበዓሉ። ተናጋሪዎቹ ይቀመጡበታል።"

"እኛስ ምን ላይ ልንበላ ነው?"

"እኛም ተመርጠናል። እኔ መጋረጃ እሰቅላለሁ። መጋረጃው የመኝታ ቤታችን ነው።"

አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ "ዛሬስ አገኙኝ!" ብላ በሩን ወርውራ ወጣች። ስትመለስ የዘፈን ቡድኑ ኃላፊ ሆና ነበር። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እሷም የምታውቀው አይመስለኝም።

ዳቦ ጋጋሪያችንንም ያስገቡት እዚሁ ቡድን ውስጥ ነው። ሰውየው ድምፁ ባዶ በርሜል በድንጋይ ላይ ሲጎተት ዓይነት ነው፤ እሱም ይህንን ያውቃል። "እትዬ፣ እኔ አልዘፍንም፣ ሕዝቡ ይበተናል" ብሎ ለመናቸው። "አንተ አፍህን ብቻ ክፈት" አሉት፤ "ድምፁን ሌሎቹ ያወጡልሃል።"

ሰፈሩን ሁሉ ክው ያደረገው ግን የጡረተኛው ዳኛ ጉዳይ ነው። ዳኛው ዕድሜያቸውን በችሎት የፈጁ፣ ሰላምታ እንኳ በማስረጃ ካልተደገፈ የማይመልሱ ሰው ናቸው። አንድ የበዓል ዋዜማ ጠዋት በፒጃማ ብቅ ሲሉ የግቢያቸው የብረት በር የለም። በዓይናቸው ፈልገው ፈልገው ሜዳው ላይ አገኙት፤ የመድረክ ወለል ሆኖ ልጆች ዳንስ ይለማመዱበታል።

"ይህ በሕግ ያስጠይቃል!" ብለው ጮኹ።

ክብርት አስተባባሪ ሚስማር በጥርሳቸው እንደያዙ ዞር አሉ። "ክቡር ዳኛ፣ በር የሚያስፈልገው ለሌባ ነው። የሰፈሩ ሌባ ደግሞ ያውልዎት፣ ወንበር እየደረደረ ነው።"

እውነታቸውን ነበር። ሰፈሩ "እጀ ረጅሙ" የሚለው፣ የተሰጣ ልብስ ሲያይ ጣቶቹን የሚበላው ሰውዬ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ ንብረት ጠባቂ ሆኗል። ከዚያ ይበልጥ ያስደነገጠን ደግሞ ከዚያ በዓል አንዲት ማንኪያ እንኳ አለመጥፋቷ ነው። ዳኛው ለእንዲህ ያለው ነገር አንቀጽ ስላጡለት ፒጃማቸውን ሰብስበው ገቡ። ቂሙን ግን ያዙ።

እንዲህ እንዲህ እያልን፣ እሳቸው እያዘዙ እኛ እየተሸከምን፣ ዓመታት አለፉ። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። በበዓሉ መጨረሻ በጎ ፈቃደኞች ሲመሰገኑ ክብርት አስተባባሪ አይገኙም። አሁን እዚህ ነበሩ ሲባል የሉም። ትሕትና ነው ብለን እናልፈው ነበር።

ዘንድሮ ግን አናሳልፋቸውም ብለን ተማከርን። የማስታወቂያ ሠዓሊው ምስላቸውን በትልቁ ሳለ። ሥዕሉ ላይ ቁመታቸው በጣም ጨምሯል። "ይቺ ማን ናት?" ስንለው "እኔ የሳልኩት ድምፃቸውን ነው" አለን። ልክ ነው ብለን ተቀበልነው።

በዓሉ እንደዚያ ሰምሮ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ሰፈሩ ረግረግ በነበረበት ጊዜ እንቁራሪት እንዴት እንቅልፍ ትነሳቸው እንደነበር አወሩ፤ አሮጊቶቹ በልጅነታቸው የተማሩትን ጥልፍና የሸምበቆ ሥራ ይዘው ወጡ። ዳቦ ጋጋሪው አፉን ሲከፍት ድምፅ ወጣው፤ ያም ሆኖ ሕዝቡ አልተበተነም። ምስጋናው ሲደርስ ባለቤቴ ማይክሮፎኑን ያዘችና "ክብርት አስተባባሪያችን፣ ወደ መድረክ!" አለች። ጭብጨባው ሜዳውን አናወጠው። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ፈለገ። የሉም።

"ግድ የለም፣ ቤታቸው እንወስድላቸዋለን" አለች ባለቤቴ። "ቤታቸው የት ነበር?"

"ከላይ በኩል ነው፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ከማጠራቀሚያው ጀርባ የሚኖረው አናጢ "ምን ነካህ? እኛ ጋ የሉም። ከታች ናቸው፣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ" አለ።

ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የምትኖረው ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ብድግ አለች። "እኔማ እናንተ ጋ ናቸው ብዬ ነው ስኖር የኖርኩት!"

ማይክሮፎኑ አልጠፋም ነበርና ይህንን ሁሉ ሕዝብ ሰማ። ሰው ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ዞረ፤ ጎረቤቱም ወደሌላው። ቤታቸውን የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ። ቁልፋችንን ሳይቀር የያዙ ሴትዮ ናቸው! ከአጥሩ ዳር ቆሞ ዘፈኑን ሲሰማ የነበረ የሚኒባስ ረዳት ነው የመለሰልን።

"እትዬን ነው የምትፈልጉት? እሳቸውኮ የዚህ ሰፈር ሰው አይደሉም። ከወንዙ ማዶ ነው ቤታቸው። ጠዋት እናመጣቸዋለን፣ ሲመሽ እንመልሳቸዋለን። እኔ እዚህ ተቀጥረው የሚሠሩ ነበር የሚመስለኝ። እንዴ፣ ደሞዝ አትከፍሏቸውም እንዴ?"

ራሴ ተሸክሜ ባመጣሁት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። መጋረጃዬን ያወረዱት፣ ሚስቴን የሾሙት፣ ከሰፈራችን ውሻ ጋር ሳይቀር የተከባበሩት ሴትዮ የሌላ ሰፈር ሰው! ዳኛው ግን ለዚህች ቀን የኖሩ ይመስል ቀስ ብለው ተነሱ።

"ነዋሪ ያልሆነ ሰው ነዋሪን ሊያዝዝ አይችልም" አሉ ለሕዝቡ። "እስከ ዛሬ የሰጡት ትእዛዝ ሁሉ ከመጀመሪያው እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።"

"ታዲያ ወንበሮቹን እንመልሳቸው?" አለ እጀ ረጅሙ ቀይ ጨርቁን እየነካካ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ እኔ፣ ባለቤቴና ዳቦ ጋጋሪው ሥዕሉን ይዘን ወንዙን ተሻገርን። ረዳቱ ያሳየን ቤት ረጅም ፎቅ ነው፤ ደረጃው ንጹሕ፣ በሮቹ ሁሉ የተዘጉ። ከላይኛው ወለል ስንደርስ አንድ ጎልማሳ ቆሻሻ ሊጥል ከቤቱ ወጣ።

"እዚህ የሚኖሩ አንዲት እትዬ ፈልገን ነበር" አልኩት።

"ዝምተኛዋን ነው?"

"ኧረ እኛ የምንፈልጋቸው ዝምተኛ አይደሉም። ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ አጠር ያሉ…"

"እንግዲህ እዚህ ወለል ላይ ሌላ ሴትዮ የለም። ስንት ጊዜ ደረጃ ላይ ተላልፈናል፤ ድምፃቸውን ግን ሰምቼው አላውቅም።"

ሥዕሉ ከዳቦ ጋጋሪው እጅ ሊወድቅ ሲል ባለቤቴ ያዘችው። ድምፃቸውን ሰምቼው አላውቅም! እኛ ጋ ሆነው ሲናገሩ እኮ መስኮት ይንቀጠቀጣል።

በራቸውን ብናንኳኳ ክብርት አስተባባሪ ራሳቸው ከፈቱልን። ሲያዩን ፊታቸው አመድ መሰለ፤ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው መሰሉ።

"ታወቀ?" አሉ። ያ ድምፅ አልነበረም። ለዚያች ክፍል የሚበቃ፣ ትንሽ ድምፅ ነው።

"ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ" አሉንና ክፍላቸውን ዞር ብለው አዩ። አንድ ወንበር ብቻ ነበረች። እኛም አየናት። ሦስታችንም ቆምን። የሰፈሩን ወንበር በሙሉ በየቤቱ የሚያውቁ ሴትዮ ለራሳቸው ያላቸው ያቺ ብቻ ናት፤ ሁለተኛ ወንበር የሚፈልግ እንግዳ መጥቶባቸው አያውቅም።

ሥራቸው ሆስፒታል ነበር፤ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ። በዚያ ሁሉ ማሽን ጩኸት መሀል ስንቱን ሠራተኛ በድምፃቸው ሲያንቀሳቅሱ ኖረዋል። ልጅ የላቸውም፤ ባላቸው በሞት ቀድመዋቸዋል። ጡረታ ሲወጡ እዚህ ገቡ።

"ሰዉ ክፉ አይደለም" አሉ የአልጋ ልብሱን በእጃቸው እያስተካከሉ። "ገብቶ በሩን ይዘጋል፣ በቃ። ማንንም አላማም። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ እናንተ ጋ ወረድኩ። ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ። ገመዱን እንዴት አድርገው አበላሽተውት መሰላችሁ! ዝም ብዬ ልለፍ አልኩ፣ አልቻልኩም። 'ከሥሩ አጥብቁት!' ብዬ ጮህኩ። አንዱ ዞር አለና 'እሺ እትዬ' አለኝ።"

የአልጋ ልብሱን ጫፍ አጥፈው ከፍራሹ ሥር ከተቱት።

"እሺ ከተባልኩ ስንት ጊዜዬ ነበር። በነጋታው ድንኳኑ ቆሞ እንደሆነ ላይ ብዬ መጣሁ። ከዚያማ የት ነው የምትኖሪው ያለኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ዋሸሁ እንዴ?"

"ኧረ አልዋሹም" አለች ባለቤቴ።

"ቢሆንም አፈርኩ። በሰው ሰፈር ገብቼ የሰው በር መንቀል! ከእንግዲህ በምን ዓይኔ አያችኋለሁ? ሂዱ በሉ ልጆቼ።" ከዚያ ሥዕሉን አዩት። "እሱን ግን ተዉልኝ። ቁመቴን ማነው የጨመረው?"

እውነትም ቀሩ። ይመጣሉ ብለን ነበር፤ አልመጡም። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ እፎይ ብለናል። ጠረጴዛችን እቤቱ ገባ፤ እኔም ያለ ሥጋት ጻፍኩ፤ ውሻው ጮኸ። ዳኛው በራቸውን አዲስ ቀለም ቀቡት። ሰፈሩ ሰላም ሆነ። ከቀን ቀን ግን ሰላሙ እየበዛ መጣ። ሰው ገብቶ በሩን መዝጋት ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ የቀላቀለ ነፋስ ተነሳና የልብስ ሰፊዋን ጣሪያ ቆርቆሮ ገነጠለው። ሁላችንም በመስኮት አየን። "ምስኪን!" አልን፤ መስኮታችንን እንደዘጋን። የሰፈሩ መሰላል ሁሉ በየግቢው ተጋድሟል፤ ሸራ ያለውም ነበር፤ ጉልበት ያለውም ነበር። የጎደለው "ና" የሚል ሰው ነው። እያንዳንዳችን ያንን ድምፅ ስንጠብቅ ዝናቡ ቤቷ ውስጥ ገባ።

በኋላ ከመንገዱ ላይ አንድ ቀጭን ጩኸት ሰማሁ። "መሰላል ያለው! ኧረ መሰላል ያለው ሰው የለም እንዴ?" ስወጣ ዳኛው ናቸው። በፒጃማ፣ ውሃ ከአፍንጫቸው እየተንጠባጠበ፣ የሸራ ጫፍ ብቻቸውን ይጎትታሉ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ወጣ፤ እጀ ረጅሙም ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከጣሪያው ላይ ነበር። ሸራውን አለበስነው። ግን ዘግይተናል። ልብስ ሰፊዋ የሰው ልብስ፣ የራሷ ያልሆነ ልብስ፣ ረጥቦባት ጉልበቷ ላይ ከምራ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ማናችንንም አልወቀሰችም። ብትወቅሰን ይሻለን ነበር።

ዳኛው ከበሯ ሲወጡ ፒጃማቸውን ጨመቁና "ያቺ የኋላ ክፍሌ" አሉኝ፤ "ባዶ ናት።"

"የትኛዋ ክፍል?"

"ምን ታስለፈልፈኛለህ! ባዶ ናት አልኩህ። ነገ ወንዙን አብረን እንሻገራለን።"

ያን ያህል ደረጃ እንዴት እንደወጡ እሳቸውና ጉልበታቸው ያውቃሉ። ክብርት አስተባባሪ ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ለጽድቅ ብለው ከሆነ አልመጣም።"

"የምን ጽድቅ!" አሉ ዳኛው እየተነፈሱ። "ኪራይ ይከፍላሉ። ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመቱም። በሬን አይነኩም።"

"ኪራዩን እከፍላለሁ። ሚስማሩንም እተዋለሁ። በሩን ግን አልነካም ብዬ ቃል አልሰጥም።"

ዳኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ካሰቡ በኋላ "እሱ በይደር ይታያል" አሉ።

ዕቃቸው በዳቦ ጋጋሪው መኪና አንድ ጊዜ ተጭኖ መጣ፤ መኪናውም አልሞላ። ሊሸከም የወጣው ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው። ማንም አልጠራን! ዕቃው ስላልበቃን አንዱ ድስቱን ሲይዝ ሌላው ክዳኑን ያዘ፤ አናጢው አንዲት ትራስ እንደ ቁም ሳጥን በትከሻው ተሸክሞ እያማጠ ገባ። እጀ ረጅሙ ሥዕሉን ይዞ ከፊት ከፊት ሄደ። ክብርት አስተባባሪ ከግቢው በር ቆመው፣ ባዶ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው፣ "እኔ ምን ልያዝ?" ይላሉ። "ምንም" እንላቸዋለን። ያቺን ቃል ከእኛ ሰምተዋት አያውቁምና ደነገጡ።

ባለቤቴን ቀስ ብለው ክንዷን ያዟት። "ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ቆሻሻ የሚነሳው መቼ መቼ ነው?"

ቆሻሻው የሚነሳበትን ቀን የወሰኑት ራሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን አልቀለዱም። አዲስ የገባ ሰው የሚጠይቀውን ነበር የሚጠይቁት፤ እንዲህ ለመጠየቅ ደግሞ ስንት ዓመት ጠብቀዋል። እኔ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባና ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ባለቤቴ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ ከበሩ ላይ ቆሜ ነበር። ክብርት አስተባባሪ የዳኛውን ደጅ ይጠርጋሉ፤ በዝግታ፣ ማንንም ሳይጠሩ።

"እንደምን አደሩ እትዬ?" አለቻቸው ባለቤቴ። ስንት ዓመት ስንተዋወቅ ይህንን ጠይቀናቸው አናውቅም፤ ሲመጡ ሁልጊዜ ሥራ ይቀድም ነበር።

መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀና አሉ። ደህና አላሉም፤ ተመስገንም አላሉም።

"እዚሁ አደርኩ" አሉ።